መንገዱን መጠርጠር ሰውን መጠርጠር አይደለም

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። አባቶቻችን ይህን በተናገሩበት ዘመን በዓይንና በሚታየው ነገር መካከል የሚቆም ሌላ አልነበረም። እህል የሚገዛ ሰው በእጁ ዘግኖ ያየው ነበር፤ ዳኛም የምስክሩን ቃል የሚሰማው ፊቱን እያየ ነበር። ዛሬ ግን ከምናየው ነገር ብዙውን የምናየው በመስተዋት ላይ ነው። የባንክ ሒሳባችንን፣ የፈተና ውጤታችንን፣ የሕመማችንን ምርመራ፣ የገበያውን ዋጋ የሚነግረን ስክሪን ሆኗል። ልብ እንደ ጥንቱ ይፈርዳል፤ ነገር ግን ዓይን እንደ ጥንቱ ያያልን? ደግሞስ ሰዎች የሚያምኑት ነገር ጉድለት እንዳለበት ያወቀ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ መሆኑን እኔ በራሴ ላይ ከደረሰው ተምሬዋለሁ።

ነገሩን ከቃሊቲ ልጀምር። በ2005 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጧት የታሰረ ዘመዴን ለመጠየቅ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄድሁ። እስረኛ የሚጠይቅ ሁሉ እንደሚያደርገው ስንቅ ይዤ ነበር። በበሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበረ። ጠባቂው እንጀራውን እየገለጠ፣ ዳቦውን እየቆረሰ ይመለከታል፤ ወጡንም ያመጣው ሰው ራሱ እንዲቀምሰው ያዝዛል። ከእኔ ፊት የቆሙት ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ተራቸው ሲደርስ ነገሩ ከበዳቸውና፣

«ልጄን በገዛ እጄ ልመርዘው ነው ወይ?» አሉ።

ጠባቂው ገና ወጣት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። ይህ ሳህን ከቤትዎ ተነሥቶ እዚህ እስኪደርስ በስንት እጅ እንዳለፈ እኔም እርስዎም አናውቅም። እኔ የምጠረጥረው መንገዱን ነው» አላቸው።

እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ እውነትህን ነው» ብለው አንድ ጉርሻ ጎረሱ።

ይህ ቃል በልቤ ተቀርጾ ቀረ። ሰውን መጠርጠር ወዳጅነትን ያፈርሳል፤ መንገዱን መጠርጠር ግን ወዳጅነትን ይጠብቃል። እናቲቱ ሳህኑን ስለ ቀመሱ እናትነታቸው አልተቀነሰም፤ ልጃቸውም ያለ ሥጋት በላ። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ በመቅረታቸው፣ አንዳንዱ ሁሉን እየጠረጠረ ብቻውን ይቀራል፤ አንዳንዱም ማንንም ላለማስቀየም ብሎ የቀረበለትን ሁሉ ሳይቀምስ ይውጣል።

አሁን ወደ ስክሪኑ ልመለስ። እኔ የምተዳደረው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በመጠገን ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስክሪን ማለት መስኮት ይመስለዋል፤ ኮምፒዩተሩ ያሰበውን እርሱ እንዲሁ አሳልፎ የሚያሳይ ነው ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን ስክሪን መስኮት ሳይሆን አስተርጓሚ መሆኑ ነው። በጀርባው፣ ከክዳኑ ሥር፣ የራሱ ማስታወሻና የራሱ ፕሮግራም ያለው አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ተቀምጣለች። ይህ በፋብሪካ ሳለ ከዕቃው አካል ጋር የሚገባው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ኮምፒዩተሩ የላከውን ተቀብሎ፣ ለእያንዳንዷ የብርሃን ነጥብ ቀለሟን የሚያድል እርሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን በራስህ ልታረጋግጠው ትችላለህ። የስክሪንህን ብርሃን ለመጨመር ከጠርዙ ያለውን ቁልፍ ስትጫን፣ በሥዕሉ ላይ አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ብቅ ይላል። ያን ሰንጠረዥ ኮምፒዩተሩ አልላከውም፤ መኖሩንም አያውቅም። የሣለው ራሱ ስክሪኑ ነው። እንግዲህ አስተርጓሚው ከተናጋሪው ቃል በላይ የራሱን ቃል ሊጨምር እንደሚችል በዓይንህ አየህ ማለት ነው። ዛሬ የሚጨምረው የብርሃን ሰንጠረዥ ነው፤ ክፉ ሰው ቢያስተምረው ግን ምን ይጨምር ይሆን?

ይህን ጥያቄ ጠይቀው መልሱን በሥራ ያሳዩ ሰዎች አሉ። አንግ ኩይና ጃቲን ካታሪያ የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ተራ የጠረጴዛ ስክሪን፣ ዴል ዩ2410 የሚባለውን፣ ፈትተው ሲመረምሩ ቆዩ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ነሐሴ፣ በላስ ቬጋስ በሚደረገው ዴፍ ኮን በተባለው ጉባኤ ላይ ያገኙትን ገለጡ። የስክሪኑን ፈርምዌር ለውጠው፣ በባዶ ሒሳብ ላይ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንዳለ አስመስለው አሳዩ። የድረ ገጽን ደኅንነት የሚያመለክተውን የቁልፍ ምልክት በሌለበት ቦታ ሣሉ። በስክሪኑ ላይ የሚያልፈውንም ምስል ስክሪኑ ራሱ እንዲሰልል ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ሁሉ ሲሆን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሒሳብ አልተነካም። የተለወጠው ዓይን የሚያየው ብቻ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአገራችን ደብዳቤ ያለ ማኅተም አይታመንም፤ ትልቁም ትንሹም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲቀበል አስቀድሞ የሚያየው ማኅተሙን ነው። ያ ስክሪን ግን አዲስ ፈርምዌር ሲመጣለት፣ «ማን ላከህ? የሠሪዬ ማኅተም አለብህን?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። በገመዱ በኩል የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ የጌታዬ ቃል ነው ብሎ ይቀበል ነበር። ሠሪዎቹ ክፋት አስበው አይመስለኝም፤ ስክሪንን ማን ያጠቃዋል ብለው ናቁት እንጂ። ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ታላቁን በር በሦስት ቁልፍ ቈልፈን የወጥ ቤቱን መስኮት እንረሳለን።

ነገር ግን ወሬውን ከልኩ በላይ ላሳድገው አልሻም። ይህ ጥቃት ብዙ ልፋት ይጠይቃል፤ የሚሣለውም ምስል ቀርፋፋ ስለ ሆነ፣ ፊልም ለሚያይ ሰው ሳይሆን ብዙ የማይንቀሳቀስ ነገር ለሚያሳይ ስክሪን፣ ለምሳሌ የፋብሪካ መቈጣጠሪያ ሰሌዳ ለመሰለው ነው ይበልጥ የሚያሠጋው። እንዲህ ከሆነ ዛሬ ማታ ቤትህ ገብተህ ቴሌቪዥንህን በፍርሃት እንድትመለከት አልመክርህም። ነገር ግን የማሽኑ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ መብራት የሚያይ ሠራተኛ፣ ዓይኑ ጤነኛ ሳለ ዕውር ሆኗል ማለት እንደ ሆነ አስብ።

የዓይንን እምነት መሣሪያ ማድረግ ወደ እኛም ደርሷል። በ2005 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቤት አንድ ዘገባ አውጥቶ ነበር። ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የኢትዮጵያ ተቃዋሚ ፖለቲከኞችን ፎቶግራፍ መሸፈኛ አድርጎ ወደ ሰዎች ኮምፒዩተር ይገባ እንደ ነበረ ገለጠ። ተቀባዩ የሚያውቀውን ፊት አየ፤ ፊቱን ሲያይ ከፎቶግራፉ በስተ ጀርባ ሰላዩ ገባ። ይህ በስክሪን ፈርምዌር ላይ የተሠራ አይደለም፤ መንገዱም ሌላ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ሳህኑን አይተን ተቀበልን፣ የመጣበትን መንገድ ግን አልጠየቅንም።

እስከዚህ ድረስ ስለ ዕቃ ተናገርሁ። አሁን ስለ ሰው ልናገር፤ ጭንቁ ያለው እዚህ ነውና።

ጉድለትን በተመለከተ ሰዎች በአራት ይከፈላሉ። አንደኛው የማያውቅ ነው፤ እርሱ አይፈረድበትም። ሁለተኛው ዐውቆ የሚሸጥ ነው። ሦስተኛው ዐውቆ ዝም የሚል ነው። አራተኛው ዐውቆ የሚናገር ነው።

ስለ ሁለተኛው አንድ ታሪክ ይበቃል። ሀኪንግ ቲም የተባለ የሚላኖ ከተማ ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም ለመንግሥታት እየሸጠ ይኖር ነበር። ለዚህም ሥራው ሌሎች ያገኙትን የፕሮግራም ጉድለት በአሥር ሺዎች በሚቈጠር ዶላር ይገዛ ነበር። ጉድለቱን ያገኘው ሰው ለሠሪው ቢነግረው በሽታው በዳነ ነበር፤ እርሱ ግን በሽታውን ለገበያ አወጣው። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ኩባንያው ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋ ባይት የሚያህል ምስጢሩ በዓለም ፊት ተዘረገፈ፤ ከደንበኞቹም ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ተገኘች። የሌላውን በር ቀዳዳ እየነገደ የኖረ፣ የራሱ በር ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ።

አራተኛውስ? በአገራችን የሚሆነውን ለመረዳት ወደ ቃሊቲ እንመለስ። በ2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች በዚያ የታሰሩ ጋዜጠኞችን ሲጠይቁ፣ ወህኒው በስምንት ዞን የተከፈለ መሆኑን ሰሙ። ከአጥሩ ውጭ ያለው አገርም ዘጠነኛው ዞን ነው ብለው፣ በኢንተርኔት ለሚጽፉት ጽሑፍ «ዞን ዘጠኝ» የሚል ስም አወጡለት። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከእነርሱ ስድስቱ ከሌሎች ሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ። በሐምሌ ወር በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ወንዶቹ ወደ ቂሊንጦ፣ ሁለቱ ሴቶች ቀድሞ ሰው ሲጠይቁበት ወደ ነበረው ወደ ቃሊቲ ተወሰዱ።

ከክሱ ነጥቦች አንዱን ወጣት አንባቢዎች እንዲያስቡበት እሻለሁ። ይኸውም የኮምፒዩተርንና የመልእክትን ደኅንነት ስለ መጠበቅ ሥልጠና ወስደዋል የሚል ነበር። ሥልጠናው የተመሠረተበት «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለው መመሪያ በማንኛውም ሰው እጅ ሊገባ የሚችል፣ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ፋይል እንዴት እንደሚቈለፍ የሚያስተምር ነው። እንግዲህ በሩን መቈለፍ የተማረ ሰው፣ «ምን የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው?» ተብሎ ተጠየቀ ማለት ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከዘጠኙ አምስቱ ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀሩትን ከሽብርተኝነት ክስ ነፃ አወጣቸው፤ ከመካከላቸውም አንዱ ብቻ በሌላ ቀላል ክስ እንዲከላከል ተባለ። ያ አዋጅም በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል።

እነርሱ ተፈቱ፤ ፍርሃቱ ግን አልተፈታም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጉድለት ሲያይ አስቀድሞ የሚያስበው፣ «ብናገር አንተ ይህን በምን ዐወቅህ ብለው ቢጠይቁኝስ?» የሚለውን ነው። ጠባቂው ስለ መንገዱ የተናገረው ቃል እዚህ ላይ ተገለበጠ። መንገዱን የመረመረ ሰው ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ክርክር አለ። «ጉድለትን መግለጥ ለሌባው ማስተማር አይደለምን? ዝም ቢባል የተሻለ አይደለምን?» የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውም የሚናቅ አይደለም። በአደባባይ ቆሞ የጎረቤቱ በር እንደማይዘጋ የሚለፍፍ ሰው ጎረቤቱን አልጠቀመም። ሌላውም፣ ልፈትሸው ብሎ ሳይፈቀድለት በሰው ቤት ቢገባ ጥፋተኛ ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ መግባትን ይከለክላል። ስለዚህ ለመናገርም ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ለባለቤቱ በጆሮው መንገር፣ ለመጠገኛ የሚበቃ ጊዜ መስጠት፣ ዋጋ አለመጠየቅ፣ ባለቤቱ ቢዘገይና ሌሎች ሰዎች የሚጎዱ ከሆነ ግን ራሳቸውን እንዲጠብቁ ማስጠንቀቅ ነው። ነገር ግን ዝምታ ቀዳዳውን አይደፍነውም። ሌባው ባንነግረውም ይፈልጋል፤ ሥራው ነውና። ካልነገርነው የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። እስካሁን ያልሁት ሁሉ ይህን ለመናገር ድፍረት እስካገኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዘወትር በማልፍበት መንገድ ላይ አንድ የንግድ ቤት ነበረ። ከበሩ በላይ የዕለቱን ዋጋ በቀይ መብራት የሚጽፍ ሰሌዳ ሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ በአካባቢው ካሉት ዋይፋዮች መካከል የሰሌዳውን መቈጣጠሪያ ስም አሳየኝ። ስሙ ከፋብሪካ እንደ መጣ ነበር። እኔ እንደዚህ ያለውን ሰሌዳ ለሌላ ሰው ተክዬ ስለማውቅ፣ ስሙን ያልለወጠ ሰው የይለፍ ቃሉንም እንዳልለወጠ ገመትሁ፤ ያ የይለፍ ቃል ደግሞ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ የታተመ ነው። አልገባሁም፤ አልነካሁም። በዚህ አልወቀስም። ነገር ግን መንገዱን ተሻግሬ አንድ ቃል መናገር ይገባኝ ነበር። «በምን ዐወቅህ ይሉኛል፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆን እኔን ይይዙኛል» አልሁ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለራሴ ተርቼ ታክሲዬን ተሳፈርሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ሰሌዳው የዘይትን ዋጋ በግማሽ ቀንሶ ጽፎ ዋለ። ሰው ተሰበሰበ፤ በዚያ ዋጋ አንሸጥም ሲባል ግርግርና ግፊያ ሆነ። በየጧቱ በሰሌዳው ላይ ዋጋ የሚጽፍ አንድ ወጣት ሠራተኛ ነበረ፤ ጥፋቱ በእርሱ ላይ ወደቀ። «እኔ አልጻፍሁም» ቢል የሚያምነው አላገኘም። ሁሉም ሰሌዳውን በዓይኑ አይቷል፤ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ደግሞ እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ዓይን አየ፣ ልብ ፈረደ። ልጁ ከሥራው ወጣ።

እኔ ይህን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሄጄ ለባለቤቱ ነገርሁት፤ እርሱም ሲያስሞክረው የይለፍ ቃሉ እንዳልሁት ሆኖ ተገኘ፤ ለወጠውም። ማን እንደ ገባበት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጁን አፈላልጌ አገኘሁት። ስሙን ያጠፋው ነገር እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ አስረዳሁት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ብዙ ካዳመጠኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቀድሞ ያውቁ ነበር?»

«አዎን» አልሁት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። እርሱም አልተቈጣም፤ ተነሥቶ ሄደ። ቢቈጣ ይሻለኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ልሳሳት የሚል ሰው ምላሱን እንዲጠብቅ ማለቱ ይሆናል። እኔ ግን ዝምታ ሲነቅዝ አይቻለሁ፤ የነቀዘውም በእኔ ጎተራ ሳይሆን በሌላ ሰው ጎተራ ነው። የፍርሃቴን ዕዳ የከፈለው ያ ልጅ ነው። ፍርሃቴ ምክንያት አልነበረውም አልልም፤ ነበረው። ነገር ግን ምክንያት ያለው ፍርሃትና ንጹሕ ኅሊና አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ ከእኛ ይልቅ ከእነዚህ መስተዋቶች ጋር የምትኖሩ ናችሁ። ብዙዎቻችሁም የምትሠሩአቸው፣ የምትጠግኑአቸውና የምታዝዙአቸው ትሆናላችሁ። ሥራ ስትሠሩ ትንሿን ዕቃ አትናቁ፤ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳትለውጡ ዕቃ አትትከሉ፤ ማኅተም የሌለው ትእዛዝ የሚቀበል ነገር ሠርታችሁ አታስረክቡ። ስክሪን የነገራችሁ ነገር ሰውን የሚያስፈርድ በሆነ ጊዜ በሌላ መንገድ ሳታረጋግጡ አትፍረዱ። ጉድለት ስታዩ ለባለቤቱ ንገሩ። አለቃ ስትሆኑ ደግሞ፣ ጉድለት ሊነግራችሁ የመጣውን ሰው «በምን ዐወቅህ?» ብላችሁ አትቀበሉት። አስቀድማችሁ «ስለ ነገርኸን እግዚአብሔር ይስጥህ» በሉት፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በአንድ አገር ውስጥ የተናጋሪው ድፍረት የሚለካው በሰሚው ጆሮ ነው።

በቃሊቲ በር ላይ ያየኋቸው እናት እስካሁን ትዝ ይሉኛል። ቅመሱ ሲባሉ መጀመሪያ ተቀየሙ፤ ነገሩ ሲገባቸው ግን ቀመሱ። የቀመሱት ለጠባቂው ብለው አልነበረም፤ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ስለሚጠብቃቸው ልጅ ነበር። እኛም ስንፈትሽና ስንናገር፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚጠብቀን አንድ ሰው እንዳለ አንርሳ።